ምዕራፍ 7፦ መጠበቅ የሚችል ያዛል

ባለፈው ምዕራፍ አገሮች ከውጭ እንዴት እንደሚበደሩ፣ ወለዱ እንዴት እንደሚቆለልና መክፈል ያቃተው መንግሥት ምን እንደሚገጥመው አይተናል። በምዕራፍ 4 ደግሞ አገሮች ለምን እንደሚነግዱና ከንግዱ ሁለቱም ወገኖች እንዴት እንደሚጠቀሙ ተነጋግረናል። ሁለቱ ምዕራፎች ሳይመልሱት ያለፉት አንድ ጥያቄ አለ። ንግዱም ሆነ ብድሩ ሁለቱንም ወገን የሚጠቅም ከሆነ፣ አንዱ በሌላው ላይ የሚያዝበት ኃይል ከየት ይመጣል?

ይህን ጥያቄ ለመመርመር ከቻይናና ከጎረቤቶቿ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። ቻይና በየብስ ከ14 አገሮች ጋር ትዋሰናለች፤ የየብስ ድንበሯ ርዝመት 22,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጎረቤቶቿ መካከል እንደ ሩሲያና ህንድ ያሉ ግዙፎች አሉ። ሕዝባቸው ከአዲስ አበባ ነዋሪ የሚያንስ አገሮችም አሉ። ባለፉት ሃያና ሠላሳ ዓመታት ቻይና ለብዙዎቹ ዋነኛ የንግድ ሸሪክ፣ ለአንዳንዶቹም ዋነኛ አበዳሪ ሆናለች። አንዳንዶቹ በዚህ የተነሳ የፖለቲካ ውሳኔያቸውን እስከመቀየር ደርሰዋል፤ ሌሎቹ ደግሞ ያንኑ ያህል እየነገዱ አንገታቸውን ቀና አድርገው ይኖራሉ። ልዩነቱን የሚፈጥረው ምን እንደሆነ ማየት የዚህ ምዕራፍ ሥራ ነው። (በምዕራፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጎቢ በረሃ የቆሙ ከባድ መኪናዎች

በኖቬምበር 2016 የቲቤት ቡድሂስቶች መንፈሳዊ መሪ ዳላይ ላማ ወደ ሞንጎሊያ ዋና ከተማ ወደ ኡላንባታር ሄዱ። ሞንጎሊያውያን ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቲቤትን ቡድሂዝም ስለሚከተሉ ጉብኝቱ ለምእመናኑ ትልቅ በረከት ነበር። መንግሥትም ጉዳዩ ሃይማኖታዊ ብቻ እንደሆነ ተናገረ። ቤጂንግ ግን ዳላይ ላማን የምታያቸው ቲቤትን ለመገንጠል እንደሚሠሩ ፖለቲከኛ ነው። ጉብኝቱ እንዲሰረዝ አስቀድማ ጠይቃም ነበር።

ከዚያ በኋላ የተንቀሳቀሰ ጦር የለም። የሆነው ይህ ነው፤ በሁለቱ አገሮች መካከል ሊካሄድ የነበረው የብድር ውይይት ላልተወሰነ ጊዜ ተላለፈ። ጋሹን ሱካይት በሚባለው የጎቢ በረሃ የድንበር ኬላ በሚያልፈው የሞንጎሊያ ጭነት ላይ አዲስ ክፍያ ተጣለ። ማዕድን የጫኑ ከባድ መኪናዎች በዚያ በሚያንዘፈዝፍ የክረምት ብርድ ተሰልፈው ቆሙ። ወር ያህል ቆይቶ፣ በዲሴምበር፣ የሞንጎሊያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ይህ መንግሥት ሥልጣን ላይ እስካለ ድረስ ዳላይ ላማ ዳግም እንደማይጋበዙ ለአገራቸው ጋዜጣ ተናገሩ።

የሞንጎሊያ መንግሥት ለምን እንዲህ በፍጥነት እጁን ሰጠ? መልሱ ያለው በሁለት ቁጥሮች ውስጥ ነው። ሞንጎሊያ ወደ ውጭ ሸጣ ከምታገኘው ከእያንዳንዱ 10 ዶላር ውስጥ ከ8 በላይ የሚሆነው የሚመጣው ከቻይና ነው፤ ሽያጩም በዋናነት መዳብና የድንጋይ ከሰል ነው። ለቻይና ግን የሞንጎሊያ ንግድ ከጠቅላላ የውጭ ንግዷ ከመቶ አንድ እጅ እንኳን አይሞላም። ኬላው ለአንድ ወር ቢዘጋ የቻይና ባለሥልጣናት ላያስተውሉት ይችላሉ፤ በኡላንባታር ግን የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ያ ጊዜ ደግሞ የማዕድን ዋጋ የወደቀበት፣ የሞንጎሊያ ካዝና የተራቆተበት፣ መንግሥት የዓለም የገንዘብ ድርጅትን ደጅ የሚጠናበት ወቅት ነበር።

ሞንጎሊያ ጎረቤቶቿ ሁለት ብቻ ናቸው፤ በሰሜን ሩሲያ፣ በደቡብ ቻይና። ነዳጇን ከሞላ ጎደል የምታስገባው ከሩሲያ ነው፤ ማዕድኗን የምትሸጠው ለቻይና ነው። ባሕር የላትም። ከባድና ርካሽ የሆነውን ከሰል ወደ ሌላ ገዢ ለማድረስ ከሁለቱ በአንዱ ምድር ማለፍ ግድ ይላታል።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት

እስቲ አንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ እናስብ። በከተማዋ ያለው ወፍጮ ቤት አንድ ብቻ ነው። ሌላው ወፍጮ ያለው የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ነው። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ጥሩ ሰው ነው እንበል። ማስፈጫውን አያስወድድም፣ ሚዛን አይሰርቅም፣ የቸገረውን በዱቤ ይፈጭለታል። ለከተማው ሰው የእሱ እዚያ መኖር በረከት ነው፤ ድሮ በእጅ ወፍጮ ሲፈጩ ያደሩ እናቶች ይመሰክሩለታል።

አሁን ከከተማው ነዋሪዎች አንዱ ከዚህ ሰው ጋር በአጥር ወሰን ተጣላ እንበል። ባለ ወፍጮው ምንም አይነት ዛቻ መሰንዘር አያስፈልገውም። “ዛሬ ወረፋው ብዙ ነው፣ ነገ ና” ቢል ይበቃል። ጠቡ ለባለ ወፍጮው ከመቶ ደንበኞች አንዱን ማጣት ነው፤ ለዚያ ሰው ግን የልጆቹ እራት ነው። ስለዚህ ከሳምንት በኋላ ሽማግሌ የሚልከው ማን እንደሆነ አስቀድመን እናውቃለን። ከዚያም የባሰ ነገር አለ፤ የቀሩት ነዋሪዎች ይህን ካዩ በኋላ በአጥር ጉዳይ ከባለ ወፍጮው ጋር መጣላትን ጨርሶ አያስቡትም። ማንም ሳያዛቸው ራሳቸውን ያዛሉ።

የዚህ ምዕራፍ ፍሬ ሐሳብ ይኸው ነው። በሁለት ወገኖች መካከል ያለ ግንኙነት ቢቋረጥ አንዱ ብዙ፣ ሌላው ጥቂት የሚጎዳ ከሆነ፣ ጥቂት የሚጎዳው ያዛል። ቶሎ የማይርበው፣ መጠበቅ የሚችለው እሱ ነውና። የምጣኔ ሀብት ሰዎች ይህን “ያልተመጣጠነ ጥገኝነት” ይሉታል፤ ሁለቱም አንዳቸው ሌላቸውን ይፈልጋሉ፣ ፍላጎታቸው ግን እኩል አይደለም።

ሐሳቡን በመጀመሪያ በጥልቀት ከመረመሩት አንዱ በርሊን ተወልዶ በ1933 ከናዚዎች የሸሸው አልበርት ሂርሽማን ነው። በ1945 ባሳተመው መጽሐፉ ጀርመን በ1930ዎቹ እንደ ቡልጋሪያ፣ ሃንጋሪና ሩማንያ ካሉ የደቡብ ምሥራቅ አውሮፓ አገሮች ጋር ያደረገችውን ንግድ አጠና። ያገኘው ነገር ብዙዎችን ያስገረመ ነበር፤ ጀርመን እነዚህን አገሮች በርካሽ ዋጋ ስትበዘብዝ አልነበረም። ይልቁንም ለእህላቸውና ለሌላው ምርታቸው ብዙ ጊዜ ጥሩ ዋጋ ትከፍል ነበር። ጥሩ ዋጋው ነው ሌላ ገዢ እንዳይፈልጉ ያደረጋቸው። የሂርሽማን ትምህርት እዚህ ላይ ነው፤ ተጽዕኖ እንዲኖር የግድ በዳይና ተበዳይ መኖር የለበትም። ጥቅሙ በበዛ ቁጥር ማጣቱም ይከብዳል።

ይህን ከያዝን ስለ ቻይና የሚነገሩትን ሁለት የተለመዱ ታሪኮች በጥርጣሬ ማየት እንችላለን። አንደኛው ቻይና ሆን ብላ በዕዳ ወጥመድ አገሮችን ታጠምዳለች ይላል። ሌላው ቻይና የምታደርገው ሁሉ ንግድ ብቻ ነው፣ ፖለቲካ የለበትም ይላል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ባለ ወፍጮው ጠባይ ነው። ዋናው ጥያቄ ግን ሌላው ወፍጮ የት ነው የሚለው ነው።

ቻይና ለምን ወደ ጎረቤቶቿ ዞረች?

የቻይናን ፍላጎት በአጭሩ እንለፍበት። የቻይና ሀብት የተከማቸው በምሥራቁ የባሕር ጠረፍ ነው፤ ምዕራቡ ከባሕር የራቀና በዕድገት የዘገየ ነው። እንደ ሺንጂያንግና ዩናን ያሉት ክፍለ አገሮች እንዲያድጉ ከጎረቤት አገሮች ጋር በመንገድና በባቡር መገናኘት አለባቸው። ሁለተኛ፣ ቻይና ከውጭ የምታስገባው ነዳጅ አብዛኛው በማላካ ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ያልፋል፤ በየብስ የሚመጣ ጋዝና ዘይት ይህን ስጋት ያቀልላታል። ሦስተኛ፣ ከ2008ቱ የዓለም የገንዘብ ቀውስ በኋላ የቻይና የብረትና የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ከአገር ውስጥ ፍላጎት በላይ ማምረት ጀመሩ። የግንባታ ኩባንያዎቿም ሥራ ፈለጉ።

ፕሬዚዳንት ሺ ጂንፒንግ እነዚህን ፍላጎቶች በአንድ ስም አሰባስበው ያቀረቡት በሴፕቴምበር 2013 በካዛኪስታን ናዛርባየቭ ዩኒቨርሲቲ ባደረጉት ንግግር ነው። ዛሬ የቤልትና ሮድ ዕቅድ የምንለው የተጀመረው እዚያ ነው። የንግግሩ ቦታ የጎረቤት አገር መሆኑ የሚገርም አይደለም፤ ዕቅዱ ዓለምን ከማዳረሱ በፊት የታሰበው ለጎረቤት ነበር።

አንድ ቧንቧ፣ አንድ ገዢ

ቱርክሜኒስታን በዓለም ከፍተኛ የተፈጥሮ ጋዝ ክምችት ካላቸው ጥቂት አገሮች አንዷ ናት። ጋዝ ግን እንደ ቡና በከረጢት ተሞልቶ ወደፈለጉት ወደብ አይላክም፤ ባሕር ለሌለው አገር ቧንቧ ያስፈልገዋል። በሶቪየት ዘመን የተዘረጉት የቱርክሜኒስታን ቧንቧዎች በሙሉ የሚሄዱት ወደ ሰሜን፣ ወደ ሩሲያ ነበር። ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰችም በኋላ አብዛኛውን ጋዝ ገዝቶ የሚያሳልፈው የሩሲያው ጋዝፕሮም ነበር፤ ዋጋውንም የሚወስነው በአብዛኛው እሱ ነበር። በኤፕሪል 2009 ወደ ሩሲያ የሚሄደው ቧንቧ ፈንድቶ ሽያጩ ተቋረጠ፤ ሁለቱ ወገኖችም ተወነጃጀሉ።

በዚያው ዓመት በዲሴምበር የቻይናው ፕሬዚዳንት ሁ ጂንታኦ ከቱርክሜኒስታን፣ ከኡዝቤኪስታንና ከካዛኪስታን መሪዎች ጋር ቆመው አዲስ የጋዝ መስመር መርቀው ከፈቱ። 1,800 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው መስመር በሦስቱ አገሮች አልፎ ሺንጂያንግ ይገባል። ቻይና ለጋዝ ማውጫው ልማትም በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር አበደረች። ለቱርክሜኒስታን ይህ ነፃነት ነበር፤ ለዓመታት በአብዛኛው በአንድ ወፍጮ ቤት ስታስፈጭ የኖረች አገር ሌላ ትልቅ ወፍጮ ቤት አገኘች።

ነፃነቱ ግን ብዙ አልቆየም። ጋዝፕሮም በ2016 መጀመሪያ ከቱርክሜኒስታን መግዛቱን አቆመ፤ በኋላ የቀጠለውም በትንሹ ነው። በ2017 መጀመሪያ ደግሞ ቱርክሜኒስታን ከኢራን ጋር በክፍያ ተጣልታ የደቡቡን ሽያጭ ዘጋች። በአፍጋኒስታንና በፓኪስታን አልፎ ህንድ ይደርሳል የተባለው መስመር በ2015 የመሠረት ድንጋዩ ቢጣልም ህንድ አልደረሰም። ስለዚህ ቻይና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአማራጭ ገዢነት ወደ ብቸኛ ሊባል ወደሚችል ገዢነት ተሸጋገረች። ማንንም አላባረረችም፤ ሌሎቹ ወፍጮ ቤቶች ስለተዘጉ ብቻ ነው።

ቻይና በበኩሏ በዚያው ጊዜ የጋዝ ምንጮቿን አበዛች። ከ2013 ጀምሮ ከምያንማር በቧንቧ፣ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ከሩሲያ በቧንቧ፣ ከኳታርና ከአውስትራሊያ ደግሞ በመርከብ ታስመጣለች። ከቱርክሜኒስታን የሚመጣውን ጋዝ ያሳድጋል የተባለው አራተኛ መስመር ስምምነቱ ከተፈረመ ከአሥር ዓመት በላይ ቢሆነውም ገና አልተጠናቀቀም። ቱርክሜኒስታን ትቸኩላለች፣ ቻይና ትጠብቃለች። ያልተመጣጠነ ጥገኝነት በተግባር ሲታይ እንዲህ ነው።

ባቡሩና ዕዳው

ላኦስ ባሕር የሌላት፣ ተራራማ፣ ከ8 ሚሊዮን ያነሰ ሕዝብ ያላት የቻይና ደቡባዊ ጎረቤት ናት። እስከ 2021 ድረስ በአገሪቱ ያለው የባቡር ሐዲድ ከታይላንድ ድንበር የሚዘልቅ 3.5 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። በዲሴምበር 3 ቀን 2021 ከዋና ከተማዋ ቪየንትያን እስከ ቻይና ድንበር ቦተን የሚደርስ 414 ኪሎ ሜትር የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ተከፈተ። መስመሩ በ75 ዋሻዎች ያልፋል። በመኪና ሙሉ ቀን ይፈጅ የነበረው መንገድ ወደ 4 ሰዓት ገደማ ወረደ። ዛሬ የላኦስ ካሳቫና ጎማ፣ የታይላንድም ፍራፍሬ በዚህ መስመር ወደ ኩንሚንግ ይጫናል። ይህን ጥቅም የሚክድ ሰው ባቡሩን ያልተሳፈረ ነው።

አሁን የገንዘቡን ጉዳይ ጠጋ ብለን እንየው። ግንባታው 6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቷል፤ ይህ በወቅቱ ከላኦስ ዓመታዊ ጠቅላላ ምርት ሲሶ ያህል ነው። መስመሩ የአንድ የጋራ ኩባንያ ንብረት ነው፤ 70 በመቶው የቻይና መንግሥት ኩባንያዎች፣ 30 በመቶው የላኦስ ነው። ከወጪው 60 በመቶው በጋራ ኩባንያው ስም ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተበደሩት ነው። ላኦስ ለራሷ ድርሻ ማዋጣት ከነበረባት ገንዘብ ውስጥም 480 ሚሊዮን ዶላሩን የወሰደችው ከዚያው ባንክ ነው። ገንቢው፣ አበዳሪው፣ የጋራ ባለቤቱና የዋናው ገበያ ባለቤት አንድ አገር ነው ማለት ነው።

ባቡሩ ብቻውን ላኦስን ዕዳ ውስጥ አልዘፈቃትም። አገሪቱ ለጎረቤቶቿ ኤሌክትሪክ ለመሸጥ ብዙ ግድቦችን ገንብታለች፤ ለዚህም የተበደረችው ቀላል አልነበረም። በ2022 የነዳጅ ዋጋ በዓለም ሲንር ዶላር ጠፋ፤ በቪየንትያን ማደያዎች ሰልፍ ተያዘ። የዋጋ ንረቱ በ2023 መጀመሪያ ከ40 በመቶ አለፈ። ኪፕ የተባለው ገንዘባቸው ከ2021 መጨረሻ እስከ 2024 ባለው ጊዜ በዶላር ሲመነዘር የነበረውን ዋጋ ግማሽ ያህል አጣ። የመንግሥት ዕዳ ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት በለጠ፤ ከውጭ ዕዳውም ግማሽ ያህሉ የቻይና ነው።

ታዲያ አበዳሪዋ ምን አደረገች? የክፍያ ጊዜውን ደጋግማ አራዘመች። ዕዳውን ግን አልሰረዘችም። ባለፈው ምዕራፍ ያየነውን እናስታውስ፤ ማራዘም ዕፎይታ ነው፣ ነገር ግን ተበዳሪው በየዓመቱ ተመልሶ እንዲመጣ ያደርገዋል። በ2020 እና በ2021 መካከል ደግሞ የላኦስ የከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ መረብ ወደ አዲስ ኩባንያ ተዛወረ። የኩባንያው ከፍተኛ ባለድርሻ ቻይና ሳውዘርን ፓወር ግሪድ የተባለው የቻይና መንግሥት ድርጅት ሲሆን መረቡን ለ25 ዓመት እንዲያስተዳድር ተሰጥቶታል። ላኦስ ወታደር አልገባባትም፣ የተፈረመውም በፈቃዷ ነው። ነገር ግን የጨነቀው ሰው የሚፈርመውና ያልጨነቀው የሚፈርመው አንድ እንዳልሆነ ማንም ያውቃል።

ገንዘቡ ድምፅ ሲሆን

እስካሁን ያየነው ምጣኔ ሀብቱን ነው። ይህ ወደ ፖለቲካ የሚሻገርበትን ድልድይ በግልጽ ያሳየን በጁላይ 2012 በካምቦዲያ ዋና ከተማ በፕኖም ፔን የተደረገ ስብሰባ ነው። አሲያን የሚባለው የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ማኅበር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ሲሰበሰቡ ሰብሳቢዋ ካምቦዲያ ነበረች። ማኅበሩ የሚወስነው በድምፅ ብልጫ አይደለም፤ ሁሉም መስማማት አለባቸው። በዚያ ዓመት ፊሊፒንስና ቻይና በደቡብ ቻይና ባሕር ስካርቦሮ በሚባል ድንጋያማ ጥልቅ ያልሆነ ሥፍራ ተፋጠው ነበር። ፊሊፒንስና ቬትናም በመግለጫው ላይ የባሕሩ ውዝግብ እንዲነሳ ጠየቁ፤ ካምቦዲያ እንቢ አለች። ማኅበሩ በተመሠረተ በ45 ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ የጋራ መግለጫ ተበተነ። የቻይናው ፕሬዚዳንት ፕኖም ፔንን የጎበኙትና የእርዳታ ቃል የገቡት ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነበር።

ካምቦዲያ የምትሰፋውን ልብስ በብዛት የምትሸጠው ለአሜሪካና ለአውሮፓ ነው። ስለዚህ የወጪ ንግዷን ብቻ ብናይ የቻይና ጥገኛ አትመስልም። ጨርቁ፣ ማሽኑ፣ የመንገድና የድልድይ ብድሩ፣ የፋብሪካ ባለቤቱ ግን በብዛት የሚመጣው ከቻይና ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2020 የካምቦዲያን የሰብአዊ መብት አያያዝ ምክንያት አድርጎ ከሰጣት ከቀረጥ ነፃ ዕድል ከፊሉን ሲያነሳ፣ ቤጂንግ እንዲህ ያለ ጥያቄ አታነሳም ነበር። እዚህ የምንማረው ጥገኝነት የሚለካው በሽያጭ ብቻ አለመሆኑን ነው። ከውጭ የሚገባው ጥሬ ዕቃ፣ ብድሩ፣ ባለሀብቱና በችግር ቀን የሚደርሰው ማን እንደሆነ አንድ ላይ መታየት አለባቸው።

አልሸነፍ ያሉት

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ መደምደሚያው “ከትልቅ ጎረቤት ራቅ” ይሆን ነበር። ግን አያበቃም።

ቬትናም ከቻይና ጋር በ1979 ተዋግታለች፤ በ2014 ደግሞ ቻይና አወዛጋቢ ባሕር ላይ የነዳጅ መቆፈሪያ ስታቆም መርከቦቻቸው ተጋጭተዋል። ሆኖም ከቻይና ዕቃ ዋነኛ ገዢዎች አንዷ ናት። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ከቻይና ክፍሎችን ገዝታ፣ ገጣጥማ፣ ለአሜሪካና ለሌላው ዓለም ትሸጣለች። ከሴፕቴምበር 2023 እስከ ጁን 2024 ባሉት አሥር ወራት ውስጥ የአሜሪካው ባይደን፣ የቻይናው ሺ እና የሩሲያው ፑቲን ተራ በተራ ሃኖይ መጥተው ተስተናግደዋል። ሁሉም የሚመጣበት ቤት ማንም በቀላሉ አያዝበትም።

ካዛኪስታን ሌላ መንገድ አላት። ዘይቷ በአብዛኛው በሩሲያ ምድር አልፎ ወደ አውሮፓ ገበያ ይሄዳል፤ በትልቁ የዘይት መስኳ የአሜሪካ ኩባንያዎች አሉ፤ ከቻይና ጋር ደግሞ በቧንቧና በባቡር ተሳስራለች። በ2016 መንግሥቷ ለውጭ ዜጎች የእርሻ መሬት የሚከራይበትን ዘመን ከ10 ወደ 25 ዓመት ለማሳደግ ሲያስብ ሕዝቡ ቻይናውያን መሬቱን ይይዙታል ብሎ አደባባይ ወጣ። ዕቅዱ ታገደ። በ2021 የእርሻ መሬት ለውጭ ዜጋ መሸጥም ማከራየትም በሕግ ተከለከለ። ቻይና ንግዷን አልዘጋችም።

ማሌዥያ የምሥራቅ ጠረፍ ባቡሯን ውል ካቆመች በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ማሃቲር ሞሃመድ በኤፕሪል 2019 ወጪውን ከ65.5 ቢሊዮን ሪንጊት ወደ 44 ቢሊዮን አስቀንሰው እንደገና ተፈራረሙ። ምያንማር በ2018 የቻውፕዩ ወደብ ግንባታን ከ7.3 ቢሊዮን ዶላር ወደ 1.3 ቢሊዮን አሳነሰች። ደቡብ ኮሪያ የአሜሪካን የሚሳይል መከላከያ ስትተክል፣ ቻይና በ2017 የቱሪስት ቡድኖቿን ከልክላ የኮሪያውን የሎቴ ኩባንያ መደብሮች ዘጋች። ሎቴ ትልቅ ኪሳራ ደረሰበት፤ መከላከያው ግን አልተነሳም።

እነዚህን የሚያመሳስላቸው መጠናቸው አይደለም። ምያንማር ሀብታም አይደለችም፣ ካዛኪስታንም 20 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነው ያላት። የሚያመሳስላቸው “አይሆንም” ባሉ ማግሥት የሚኖሩበት ሌላ ነገር መኖሩ ነው፤ ሌላ ገዢ፣ ሌላ አበዳሪ፣ ወይም ፕሮጀክቱ ቢቀር የማይሞቱበት ጊዜ። ቻይናም የምትፈልገው ነገር ነበራቸው፤ ወደ ህንድ ውቅያኖስ የሚያወጣ ጠረፍ፣ ወደ አውሮፓ የሚያልፍ ሐዲድ። የከተማው ነዋሪ ባለ ወፍጮው የሚፈልገው የውኃ ጉድጓድ ካለው ወረፋው ያጥርለታል።

ይህ ለእኛ ምን ይላል?

ኢትዮጵያ የቻይና ጎረቤት አይደለችም፤ የላኦስ ባቡር ታሪክ ግን ለጆሯችን እንግዳ አይሆንም። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚዘልቀው ከ750 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የኤሌክትሪክ ባቡር የቻይና ኩባንያዎች የሠሩት፣ አብዛኛውን ገንዘብ የቻይና ኤግዚም ባንክ ያበደረው ነው። መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በጃንዋሪ 2018 ነው። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር የብድሩ መክፈያ ከ10 ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም በቤጂንግ ስምምነት ተደረሰ። ማራዘም ምን እንደሚያተርፍና ምን እንደሚያስከትል ከላኦስ አይተናል።

ያልተመጣጠነ ጥገኝነት ግን ከቻይና ጋር ብቻ የሚመጣ አይደለም። ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት በ1998 ከጀመረ ወዲህ የአሰብ ወደብ ለኢትዮጵያ ተዘግቷል፤ ከኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድም ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ሲያልፍ የኖረው በጅቡቲ ነው። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር አንድ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ባላት አገር ወደብ ላይ ተንጠልጥላለች። ጅቡቲም የምትኖረው በኢትዮጵያ ጭነት ስለሆነ ገመዱ ከሁለቱም ጫፍ ተይዟል። ትልቅ መሆን ብቻ አማራጭን አይተካም፤ ትንሽ መሆንም ብቻውን ለሌላ ፈቃድ አያስገዛም።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ በዜና “እገሌ አገር ከቻይና ጋር ታላቅ ስምምነት ፈረመ” ሲባል፣ ወይም ስለ አሜሪካ፣ ስለ ባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ስለ ቱርክ ተመሳሳይ ዜና ሲመጣ፣ የብድሩን መጠን ከማየት በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ። ይህ ግንኙነት ነገ ቢቋረጥ ማን የበለጠ ይጎዳል? የሚጎዳው ወገን ሌላ የሚሄድበት በር አለው? በሩ እስኪከፈት ስንት ወር መጠበቅ ይችላል? የሦስቱን መልስ የያዘ አንባቢ ስምምነቱ የወዳጅነት ነው ወይስ የወጥመድ ብሎ መከራከር ብዙ አያስፈልገውም። ወዳጅ የሆነ ትልቅ ጎረቤትም ቢሆን አማራጭ በሌለው ላይ ያዛል። ስለዚህ አንድ መንግሥት ሊጠየቅ የሚገባው ከማን ጋር ተፈራረምክ ተብሎ ብቻ አይደለም፤ እንቢ ማለት የምትችልበትን ቀን ለማምጣት ዛሬ ምን እየሠራህ ነው ተብሎም መጠየቅ አለበት።